ከመስመር ውጭ

ማክሰኞ ሌሊት ነው፣ ካፊያ እየወረደ፣
ሬዲዮኑ ጠራኝ፣ ስሜን እያረደ፤
"ማንዲ፣ ሰው አራግፍ፣ ባዶህን ና" አለኝ፣
ወዴት ብዬ ሳልጠይቅ መልሶ ዘጋብኝ።

"ከመስመር ውጭ" የሚል ግንባሬ ላይ በርቶ
ነዳሁ በሃይ ጎዳና፣ ሞተረኛ መርቶ።
ከሣሩ ዳር ቆምኩኝ።
ድንኳኑ ፈርሷል፤ የአንዱ ሸራ ብቻ ዛፍ ላይ ቀርቶ
እንደ እርጥብ ሸሚዝ ይወዛወዛል።
ካርቶን ላይ የጻፉት በዝናብ ተፈትቶ
ምን ይል እንደነበር አይለይም።

ግራና ቀኝ ፖሊስ። ፊት የላቸውም፤
በራስ ቁራቸው ብርጭቆ ውስጥ የሚታየኝ
የኔው አውቶቡስ መብራት ነው።
የደረት ቁጥራቸው ላይ ጥቁር ፕላስተር አለ፣
እንደ ቁስል የታሸገ፣ እንደ አፍ የተከለለ።
ድምፅ ማጉያው ይጮኻል፦ "ፊት መሸፈን በሕግ ያስጠይቃል!"
የሚጮኸው ሰውዬ ከግንባር እስከ አገጭ ተጠቅልሏል።

ልጆቹን አመጡ፣ እጅ ወደ ኋላ፣ በፕላስቲክ ጠፍር።
አንዱ የሐኪም ጭንብል፣ ሌላው የበረዶ ኮፍያ፣
አንዷ የዋና መነጽር፣ በላዩ ሻሽ።
"ሒሳብ የለኝም" አለኝ አንዱ በሩ ላይ ሲደርስ፣
ልስቅ ነበር፤
ከኋላው ያለውን ልጅ ሳይ ቀረብኝ።
አስፋልት ላይ ደፍተውት፣ ጉልበት ማጅራቱ ላይ፣
"አልተንቀሳቀስኩም!" ይላል፣
"አትንቀሳቀስ!" ይሉታል።
አንድ እግሩ ጫማ የለውም። ነጭ ካልሲ፣ ጭቃ።

ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በዚህ በር ሲገባ ያየሁት ፊት ነው፤
ፈተና የጣለው፣ ፍቅር የያዘው፣ ምሳ ያልበላው፣
ሳይናገር ይገባኛል።
ዛሬ ዓይን ብቻ፣ ያውም በርበሬ የተረጨ፣ ያበጠ፣
ፈሪው ከደፋሩ በምን ይለያል?
በዚያ ሌሊት ስሙ የተገለጠ
እኔ ብቻ ነበርኩ። ከራሴ በላይ፣ ነጭ ሰሌዳ ላይ፦
ማንደፍሮ።

ከኋላዬ ወንበር አንዲት ልጅ ታስላለች፣
ጨርቁ አፏ ላይ ተጣብቆ፣ እንደ ዓሣ ስንጥብ ይከፈታል፣ ይዘጋል።
አንዱ ፖሊስ ኪሷን ዳበሰ። የአስም መርጫዋን አወጣ።
ለካሜራው ጀርባውን ሰጥቶ ጭንብሏን በሁለት ጣት ገለጠ፣
አንዴ ነፋላት። ደገመ። መልሶ ሸፈናት።
ጎንበስ ሲል የደረቱ ፕላስተር ተላጠ፤
ቁጥሩን እሷ አየች፣ ፊቷን እሱ አየ፣
እኔ ሁለቱንም፣ በመስታወት።
ማንም ምንም አላለም።

ብሮድ ጎዳና ስንታጠፍ፣ በሻከረ ድምፅ
"ማን… ደፍሮ" ብላ አነበበች፣ ለሁለት ቆርጣ፣
"ስምህ ጥያቄ ነው እንዴ?"
በአማርኛ! አንተ ብላ! አንቱታ ያልደረሳት የኮሎምበስ ልጅ።
አልተቀየምኳትም። መልስም አልነበረኝ።
አባቴ ሲያወጣው ፉከራ ነበረ፣
እዚህ ሰሌዳ ላይ ሲሰፍር ጥያቄ ሆኖ ቀረ።

ሐሙስ ቢሮ ተጠራሁ። ወይዘሮ ኮቫክ ቅጽ ዘረጋችልኝ፣
ከቅጹ ጋር ፎቶ፤ ጭንብል፣ ሁለት ዓይን።
"የእናንተ ሰው ትመስላለች። ፊቷን አይተሃል?"
ስለ አስፋልቱ ልጅ የሚጠይቅ መስመር ፈለግኩ፣
ገጹን ገለበጥኩት። የለም።
ጻፍኩ፦ ዝናብ ነበር፣ መስታወቱ ጉም ለብሶ።
ጉም መልበሱ እውነት ነው። የቀረውን እግዜር ያውቃል።

ማታ አውቶቡሱን ስጠርግ ፕላስተሩን አገኘሁት፣
ከወንበሩ እግር ሥር፣ አውራ ጣት የሚያህል፣ ፀጉር የያዘ።
ልጥለው እያልኩ ስሜ ላይ ለጠፍኩት።
አጠረ።
የመጀመሪያዎቹን ሦስት ፊደላት ብቻ ሸፈነ፣ "ማን"ን፤
"ደፍሮ" ብቻ ቀረ፣ አንቀጹ ጎድሎት።
ደፍሮ፣ ምን አደረገ?
አላውቅም።

ንጋት ላይ ቁጥር ሁለትን ግንባሬ ላይ አበራሁ፣
በሩን ከፈትኩና፦ "እንደምን አደራችሁ?"